የእድሩ ወንበር ከገደል ሥር

አያ ሀዳነ ያን ቅዳሜ ጧት ከገደሉ መንገድ ሽቅብ ወጥተው ትንፋሻቸውን ሳይሰበስቡ ከአንድ ቀይ ገመድ ጋር ደረት ለደረት ተጋጠሙ። ሲወርዱ ያልነበረ ገመድ ነው። በመንገዱ አፍ ግራና ቀኝ በቆሙት ሁለት የአስታ ዛፎች ላይ ተወጥሮ ታስሯል፤ ከገመዱ ወዲያ ደግሞ የጎረቤታቸው የአለምነህ ልጅ ሐመልማል የዝናብ ልብሷን እንደለበሰች ድንጋይ ላይ ተቀምጣለች። ልጅቱ ጎንደር ሄዳ ስለ አፈርና ስለ ድንጋይ ተምራ የተመለሰች፣ አሁን በአስጎብኚዎች ማኅበር ተቀጥራ ይህን የእግር መንገድ የምትጠብቅ ናት።

«እንደምን አደሩ፣ አያ ሀዳነ?» አለች ብድግ ብላ።

«እግዚአብሔር ይመስገን። እንደምን አደርሽ፣ ልጄ? ምነው፣ ልብስ ልታሰጪ ነው?»

«የለም፣ መንገዱን ዘግቼ ነው። ሌሊቱን ሲዘንብ ስላደረ ገደሉ ርሷል። እስኪደርቅ ድረስ ሰው ባያልፍ ይሻላል።»

«ሸጋ አድርገሻል። እኔ ግን ስትዘጊው ውስጥ ነበርሁ።»

«መኖርዎን አላወቅሁም፤ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ዝቅ ይበሉና በገመዱ ሥር ይውጡ።»

አያ ሀዳነ ገመዱን አዩ፤ ልጅቱን አዩ። እኒህ ሰው በዕድሜያቸው ዝቅ ያሉት ለቤተ ክርስቲያን ደጃፍና ለጳጳስ መስቀል ብቻ ነው፤ ዛሬ አዲስ ጋቢ ለብሰው፣ ጭራቸውን ይዘው፣ ለቀይ ገመድ ዝቅ ሊሉ አይችሉም። ስለዚህ ባሉበት ቆሙ። ሐመልማልም የአገሯን ሰው ታውቃለችና ገመዱን ባንድ በኩል ፈታች፤ እሳቸው ቀና ብለው እንደ ሹም አለፉ፤ እሷም መልሳ አሰረችው። የገመዱን መልሶ መታሰር ሲያዩ ግን ፊታቸው ቅጭም አለ።

ነገሩ ወዲህ ነው። መንገዱ ከደባርቅ ወጣ ብሎ፣ ደጋው እንደ ተቆረጠ ዳቦ ባንዴ አልቆ ወደ ድብ ባሕር ቆላ ቁልቁል በሚወርድበት አፋፍ፣ ከገደሉ ወገብ ላይ የተለጠፈ ነው። መኪና በሌላ በኩል ማለፍ ከጀመረ ወዲህ ገበያተኛ አይሄድበትም፤ ቆላውን ቁልቁል ማየት የሚፈልግ እንግዳ ግን ከጎንደርም ከሌላም ይመጣል። ከመንገዱ አጋማሽ ላይ ገደሉ ወደ ውጭ ጎበጥ ብሎ እንደ በረንዳ የሚያጠላበት ስፍራ አለ፤ ጥላ ቤት ይሉታል። በአያ ሀዳነ ዘር ሕግ፣ እንግዳ ይዞ የሚያልፍ ሰው ጥላ ቤት ተቀምጦ ስንቁን ሳይበላ አያልፍም። አያታቸው እንዲያ አደረጉ፤ አባታቸውም እንዲያው። ለምን ብሎ የጠየቀ የለም።

ያን ዕለት ደግሞ የሚመጣው እንግዳ እንዲሁ እንግዳ አይደለም። ጥሩ የምትባለው ልጃቸው ከአዘዞ ልጅ ከመዝሙር ጋር ልትታጭ ነው፤ የመዝሙር እናት ወይዘሮ ወይንሸት ከልጃቸው ጋር አገሩን ሊያዩ በሚኒባስ እየመጡ ነው። አያ ሀዳነ በስልክ፣ «እኛ ቤት ዘመድ የሚሆን ሰው በጥላ ቤት እንጀራ ሳይቆርስ አይሆንም» ብለው ነበር። በስልክ ሲናገሩ ደግሞ ሰውየው ድምፃቸው ከፍ ይላል፤ መንደሩ ሁሉ ሰምቷል። ታዲያ ይህን የሰማ ሰው ሁሉ ዛሬ አማቶቻቸው ከገመድ ተመለሱ ሲባል ቢሰማ ምን ይላል?

«ልጄ ሐመልማል፣» አሉ ድምፃቸውን አለስልሰው፣ «ይህ ገመድ ለሌላ ሰው ነው እንጂ ለእኔ አይደለም መቼም።»

«ድንጋዩ ሰው ቢለይ ኖሮ እኔም እለይ ነበር፣ አያ።»

«ይለያል እንጂ። የድንጋዩን ነገር ለእኔ ተይልኝ፤ እኔ ከሚጥሉት ጋር ተስማምቻለሁ።»

«ከማን ጋር?»

«ከጭላዳ ዝንጀሮዎቹ ጋር።»

ሐመልማል ሳቋን በዝናብ ልብሷ እጅጌ ሸፈነች። አያ ሀዳነም ተቀምጠው፣ ጭራቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋድመው፣ የቤተሰባቸውን ምስጢር አወጉላት። አያታቸው በጉብዝናቸው ጊዜ ገብስ የገባ አውራ ጭላዳ በወንጭፍ ጆሮውን አሉት። ከዚያ ቀን ጀምሮ መንጋው ቂም ይዞ፣ የዚህ ቤት ሰው እንግዳ ይዞ በገደሉ ሥር ሲያልፍ ከላይ ድንጋይ ይለቃል። መድኃኒቱም የታወቀ ነው። እንግዳ በሚመጣበት ቀን ጧት ከጥላ ቤት በላይ፣ ከገደሉ አናት ላይ፣ የገብስ ቆሎ ይበተንላቸዋል።

«ዛሬም በትኜ ነው የወረድሁ፣» አሉ። «ስለዚህ አትሥጊ።»

«አያ፣ ደፍሬ አንድ ነገር ልጠይቅዎ። ድንጋይ የሚወድቀው መቼ መቼ ነው?»

«እንግዳ ስናመጣ ነዋ። ቂማቸው በእንግዳ ነው አልሁሽ።»

«እንግዳ በሌለበት ቀንስ?»

«እንግዳ በሌለበት ቀን እኔ እዚያ ምን ልሠራ እሄዳለሁ?»

«ቆሎውንስ መቼ መቼ ነው የሚበትኑላቸው?»

«እንግዳ ስናመጣ።»

ሐመልማል ነገሩ በራሱ ጊዜ እንዲደርስላቸው ጠበቀች። አልደረሰም።

«እንግዲያ፣» አለች ቀስ ብላ፣ «ድንጋይ የሚወድቀው ቆሎ በተበተነ ቀን ነው ማለት ነው።»

«ያማ ቆሎው ቢያንሳቸው ነው። እኔም ይኸን አይቼ በየጊዜው እጨምራለሁ። አባቴ በእፍኝ ነበር የሚሰጣቸው፤ እኔ ቁና ደርሻለሁ።»

«ታዲያ ድንጋዩ ቀነሰ?»

«ጨመረ። የዛሬ ዘመን ጭላዳ ጥጋበኛ ነው።»

እዚህ ላይ ሌላ ሰው ቢሆን ይስቅባቸው ነበር። ሐመልማል ግን የተማረችው ትምህርት ሰው ማዋረድን አይጨምርምና አልሳቀችም።

«ጭላዳ እኮ አያ፣ ቂምም የለው፣ ጥጋብም የለው። መንጋው ቆሎ ሊለቅም ከአናቱ ጫፍ ሲሰበሰብ፣ ሲሻማ፣ አፈሩን በጥፍሩ ሲቧጥጥ፣ የላላው ድንጋይ ወደ ታች ይሄዳል። ከታች ደግሞ እርስዎ እንግዳዎን አስቀምጠው እንጀራ ያስቆርሳሉ። ሰብሳቢው ቆሎው ነው።»

«እና ጥፋተኛው እኔ ነኝ እያልሽኝ ነው?»

«ጥፋተኛው ውኃው ነው። ክረምቱን ሙሉ በየስንጥቁ እየገባ ድንጋዩን የያዘውን አፈር ያጥበዋል፤ ያላላዋል። ዝናብ ባባራ በማግስቱ፣ ፀሐይ ሲመታው፣ ማንም ሳይነካው ይወርዳል። ጭላዳውም፣ ፍየሉም፣ ነፋሱም የሚጥለው አስቀድሞ ለመውደቅ የተዘጋጀውን ነው።»

«ይህ ገደል ካንቺም ከእኔም በፊት ነበረ፤ ይኸው እስከ ዛሬ ቆሟል።»

«ቆሟል ካሉ፣ ጥላ ቤት ውስጥ የምትቀመጡባቸው ድንጋዮች ከየት መጡ?»

አያ ሀዳነ ሊመልሱ አፋቸውን ከፈቱ። እነዚያን መቀመጫዎች አያታቸው እንዳመጧቸው ነው ሲያምኑ የኖሩት። ነገር ግን አንዱ ብቻውን ሁለት በሬ ያክላል፤ አያታቸው ደግሞ ከሳ ያሉ ሰው ነበሩ።

«ከላይ ወድቀው ይሆናል፣» አሉ እየከፋቸው፣ «መቀመጫ እንዲሆኑን።»

«ሲወድቁ ከሥር ሰው ተቀምጦ ቢሆንስ?»

አያ ሀዳነ የተረታ ሰው እንደሚያደርገው ተቆጡ። ከቁጣው በኋላ ግን እውነቱ ወጣ።

«አየሽ ልጄ፣ ነገሩ ድንጋይ አይደለም። ሴትዮዋ ከአዘዞ ድረስ እየመጡ ነው። በስልክ የነገርኋቸውን ነገር ምን ብዬ ላጥፈው? ቃሉን የማይጠብቅ ሰው ልጅ ብለው ቢመለሱስ? የጥሩ ነገር ነው እኮ። ከእኔ ቃል የተነሣ ልጄ ብትቀር ምን ይውጠኛል?»

ይህን ሲሉ ዓይናቸው እርጥብ አለ። ሐመልማልም ከጥሩ ጋር አብራ ያደገች ናትና ነገሩ ገባት፤ አዘነችላቸውም። ገመዱን ግን አልፈታችውም።

«አያ፣ እንግዳዎን የሚያሳዩበት ሌላ ቦታ ልጠቁምዎ፣» አለች። «ማዶ ያለው ጉብታ ላይ ገደሉ ሙሉውን ይታያል፣ ቆላውም ይታያል፤ ከላዩ የሚወርድበት ነገር የለም። ከጫፉ ራቅ ብለን እንቀመጥና እስኪመጡ እንጠብቃቸው።»

«እንቀመጥ። እነሱ እስኪደርሱ ድንጋይ ካልወደቀ ግን ትፈችልኛለሽ።»

«አልፈታም። ዛሬ ባይወድቅ ነገ አይወድቅም ማለት አይደለም። እንቀመጥ ግን።»

አያ ሀዳነ ከዚህ ንግግር የሰሙት የመጨረሻውን ቃል ብቻ ነው፤ ውርርዱን ያሸነፉ መሰላቸውና ፈጠን ብለው ተነሡ።

ከጉብታው ላይ ሲደርሱ ጉሙ ተገፎ ነበር። ገደሉ ከአናቱ እስከ እግሩ ይታያል። ሐመልማል በጣቷ እያመለከተች አሳየቻቸው። አለቱ አርጅቶ ጠቁሮ ሽበት ያወጣበት ስፍራ ብዙ ዘመን ያልተነካ ነው፤ ነጣ ብሎ አዲስ ቁስል የሚመስለው ደግሞ በቅርቡ ድንጋይ የተላቀቀበት ነው። ከጥላ ቤት በላይ ያለው ሁሉ ነጭ ነበር። አያ ሀዳነ ዕድሜያቸውን ሙሉ በሥሩ ሲያልፉ ኖሩ እንጂ ገደሉን ከፊት ለፊት አይተውት አያውቁም ነበር።

«ያ ከሥሩ ያለው ነጭ ነገርስ ምንድን ነው?» አለች ሐመልማል ዓይኗን አጥብባ። «ድንጋይ አይመስልም።»

«ወንበር ነው፣» አሉ አያ ሀዳነ።

«የምን ወንበር?»

«የእድሩ። ወይዘሮ ወይንሸት ጉልበታቸውን ስለሚያማቸው ድንጋይ ላይ አይቀመጡም ተባለ። ስለዚህ ከማሬ ለምኜ አንድ የፕላስቲክ ወንበር ጧት አውርጄ አስቀመጥሁላቸው። ደልዳላ ቦታ ላይ ነው ያኖርሁት።»

ማሬ የእድሩ ዕቃ ጠባቂ ነው። ከልቅሶ ቤት የተመለሰ ወንበር እግሩን ቆጥሮ የሚቀበል ሰው ነው። አያ ሀዳነ ወንበሩን ያለ ጭረት ሊመልሱ ምለውለታል።

ፀሐይዋ ገደሉን ስትነካ ጭላዶቹ ከየተኙበት ጥግ እየወጡ አናቱ ላይ ተሰበሰቡ። መጀመሪያ እናቶች ከነልጆቻቸው፣ ቀጥሎም ወጠምሾቹ፤ በመጨረሻ አውራው እንደ ካባ የሚንዘረፈፍ ጠጉሩን እያራገፈ መጣ። ቁና ሙሉ ቆሎ ይጠብቃቸዋል።

«እያቸው፣» አሉ አያ ሀዳነ ደስ ብሏቸው። «ታረቁ ማለት ነው።»

መታረቅ አልነበረም። ሁለት ወጠምሾች ባንድ ቦታ ቆሎ ላይ ተጣሉ፤ አንዱ ሌላውን ገፋው፤ የተገፋው ጫፍ ላይ ሲንፈራገጥ ጠጠር ወረደ። ጠጠሩ ሲወርድ እንደ ሽምብራ ይንጣጣል።

«ይኸው ምልክቱ፣» አለች ሐመልማል ዝቅ ባለ ድምፅ። «ጠጠር ሲዘንብ ትልቁን ቆሞ መጠበቅ የለም። ወደ ጎን ፈጥኖ መውጣት ነው።»

አያ ሀዳነ መልስ ሳይሰጡ፣ የጣሪያ ያህል ሰፊ የሆነ ድንጋይ ከነጩ ቁስል ተነቅሎ፣ ያለ ችኮላ፣ ዘንበል አለ። ከዚያ ወደቀ። ድምፁ ከማዶ ዘግይቶ ሲደርስ እግራቸው ሥር መሬቱ ተንቀጠቀጠ፤ ጭላዶቹ ጮኸው ተበተኑ፤ አቧራና የረጠበ አፈር ጥላ ቤትን ሸፈነው። አቧራው ሲገለጥ ጥላ ቤት ውስጥ አንድ አዲስ መቀመጫ ተጨምሯል። ነጩ ወንበር ግን የለም።

አያ ሀዳነ ጭራቸው ከእጃቸው ወድቆ አላወቁም። ሳር ላይ ተቀመጡ። በዚያ ወንበር ላይ የጥሩን አማት፣ ጉልበታቸውን እያሻሹ እንጀራ የሚቆርሱትን ሴት፣ በዓይነ ኅሊናቸው አዩ። ከጎናቸው መዝሙርን አዩ። ጥሩን ግን ሊያዩዋት አልደፈሩም።

«ደልዳላ ቦታ ብዬ፣» አሉ ድምፃቸው ተሰብሮ፣ «መርጬ እኮ ነው ያስቀመጥሁት።»

ሐመልማል ውኃ ሰጠቻቸው እንጂ «አላልኩዎትም ነበር?» አላለችም። ለዚህ ነገር አያ ሀዳነ እስከ ዛሬ ያመሰግኗታል።

ብዙም ሳይቆይ ጥሩ እንግዶቹን እየመራች መጣች። ወይዘሮ ወይንሸት ሰፋ ያሉ፣ ባለ ግርማ ሴት ናቸው፤ በልጃቸው ክንድ ተደግፈው፣ በየእርምጃው ቅዱሳንን እየጠሩ ወደ ጉብታው ወጡ። መዝሙር ፊቱ የገረጣ ነው። ሰላምታው ረዘም ብሎ፣ የቤተሰቡ ደኅንነት፣ የመንገዱም፣ የዝናቡም ተጠያይቆ ሲያበቃ ወይዘሮ ወይንሸት ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«እንግዲህ አቶ ሀዳነ፣ ያ በስልክ የነገሩን ስፍራ ወዴት ነው?»

አያ ሀዳነ ተነሡ። በሆዳቸው ብዙ ማሳበቢያ ደርድረው ነበር፤ ሁሉንም ተዉት።

«ስፍራው ያውላችሁ፣» አሉ እጃቸውን ዘርግተው። «ወይዘሮ ወይንሸት፣ ለእርስዎም ወንበር አዘጋጅቼልዎ ነበር።»

«ኧረ ለምን ተቸገሩ? ወንበሩ የቱ ነው?»

«ከዚያ ከትልቁ ድንጋይ ሥር ነው።»

«ከድንጋዩ ጎን ማለትዎ ነው?»

«የለም። ከሥሩ። አሁን፣ እናንተ ልትደርሱ ስትሉ ነው የወደቀበት። ይህች ልጅ መንገዱን ባትዘጋው ኖሮ እኔ ቃሌን እጠብቃለሁ ብዬ እዚያ ላስቀምጥዎ ነበር። ይቅር ይበሉኝ። ዛሬ አንገባም። እንጀራችንን እዚሁ እንቆርሳለን።»

ወይዘሮ ወይንሸት ድንጋዩን አዩት፤ ከዚያም ጉልበታቸውን ረስተው ሳሩ ላይ ዘፍ ብለው ተቀመጡ። ቀጥሎ ሴትዮዋ ትከሻቸው ይርገበገብ ጀመር፤ አያ ሀዳነ የሚያለቅሱ መሰላቸው። እየሳቁ ነበር።

«አቶ ሀዳነ፣ ልንገርዎ፣» አሉ እንባቸውን እየጠረጉ። «እኔ ከፎቅ በረንዳ ላይ እንኳ አልቆምም። ገደል ከሰማሁ ጀምሮ እንቅልፍ የለኝም። እንዳልቀር ደግሞ ‘ሥርዓታችንን ናቀች’ ይሉኛል ብዬ ፈራሁ። ዛሬ መንገዱን ሁሉ ስጸልይ የመጣሁት እርስዎ ‘አይሆንም’ እንዲሉኝ ነው።»

«እኔም፣» አለ መዝሙር አንገቱን ደፍቶ። «እናቴ ደስ ብሏት ነው ብዬ ዝም አልሁ።»

«እኔም፣» አለች ጥሩ። «አባባ ቅር ይለዋል ብዬ።»

አያ ሀዳነ አንድ በአንድ ተመለከቷቸው። ያን ቀን ከዚያ ገደል ሥር ለመቀመጥ ከልቡ የፈለገ አንድም ሰው አልነበረም። ሁሉም እርስ በርስ ተከባብረው፣ በይሉኝታ ተያይዘው ሊያልቁ ነበር። ይህ ነገር ከድንጋዩ ይልቅ አስደነገጣቸው።

እንጀራው ተቆረሰ። አያ ሀዳነም የደነገጠ ሰው እንደመሆናቸው አብዝተው ማውራት ጀመሩ፤ ገና ጧት የሰሙትን ትምህርት ከአያታቸው እንደ ወረሱት አድርገው አስተማሩ። ከዝናብ በኋላ ገደል እስኪደርቅ በሥሩ አይታለፍም አሉ። መንገድ ላይ አዲስ የወደቀ ድንጋይ ያየ ሰው ‘ወድቆ አልቋል’ ሳይሆን ‘ሌላ ይከተላል’ ብሎ ይመለሳል አሉ። በደረቅ ወራትም ቢሆን ከገደል ሥር መቀመጥ፣ መብላት፣ ፎቶ መነሣት የለም፤ ተራርቆ፣ ጆሮን ከፍቶ፣ ሳይቆሙ ማለፍ ነው፤ ወዴት እንደሚሄዱም ለቤት ሰው ተናግሮ መውጣት ነው። ገመድ የታሰረበትን መንገድ ደግሞ ጳጳስም ቢሆን አይገባበትም አሉ። ሐመልማል አንዲት ቃል ሳታርማቸው ጎንበስ ብላ ወጧን ታጣቅሳለች። አንዴ ብቻ፣ «ለጭላዳም ቆሎ አይበተንም» አለች፤ እሳቸውም፣ «እሱንማ ማን ይስተዋል?» አሉ።

ወይዘሮ ወይንሸት ሲሰናበቱ የአያ ሀዳነን እጅ ይዘው፣ «ልጄን እምቢ ማለት ለሚያውቅ ቤት በመስጠቴ ደስ ብሎኛል» አሉ። ሠርጉ በጥር ሆነ።

ከዚያ ወዲህ የአገሩ ልማድ ተቀየረ። ክረምት ላይ የመጣ እንግዳ ማዶ ጉብታው ላይ ሆኖ ያያል፤ እዚያም ዳስ ተጣለና ለመንደሩ ሴቶች ምግብ መሸጫ ሆነ። በደረቁ ወራት መንገዱ ሲከፈት ሰው በሐመልማል ምክር ተራርቆ ያልፋል። ጭላዶቹ ለጥቂት ሳምንት ቆሎ ጠብቀው፣ ሲያጡ ወደ ሳራቸው ተመለሱ። አያ ሀዳነ እንዳኮረፏቸው ነው የሚያምኑ፤ በዚህ ነገር ሐመልማልም አልቻለቻቸውም።

በበጋው ከወንበሩ የተረፈው ተገኘ፤ መደገፊያው ከነአንድ እግሩ። አያ ሀዳነ ያን አምጥተው በመንገዱ አፍ፣ ከገመዱ በላይ፣ አስታው ላይ ሰቀሉት። የተጻፈውን ማስታወቂያ ሳያነብ የሚያልፍ ሰው እንኳ ወንበሩን ሲያይ ይቆማል፤ ምን እንደሆነም ይጠይቃል፤ አያ ሀዳነም ተጠይቀው ደክሟቸው አያውቅም።

አንድ ቀን ማሬ ራሱ ወንበሩን ሊቀበል መጣ። ምትክ አምጥተው ሰጥተውት ነበር፤ እሱ ግን የእድሩ ዕቃ በዛፍ ላይ አይሰቀልም አለ። አያ ሀዳነ ክንዱን ይዘው ወደ ማዶ ወሰዱትና ከጥላ ቤት ውስጥ ያለውን ድንጋይ አሳዩት። ማሬ ድንጋዩን ከላይ እስከ ታች አየው።

«እንግዲህ እዚያው ይሰቀል፣» አለ በመጨረሻ። «ይህች ልጅ ያን ቀን ገመድ ባታስር ኖሮ፣ የቀሩትን የእድሩን ወንበሮች በሙሉ እኔው ነበርሁ እርስዎ ግቢ የምደረድራቸው።»